ቅድሚያ ከለከልክ ተባልኩ

ቅድሚያ ባለመስጠት ተከስሼ ፍርድ ቤት የቆምኩ ዕለት ብግን ብዬ ነበር። ዘልዬ ገብቼ ቢሆን እሺ። ቅድሚያ አብዝቼ በመስጠቴ መከሰሴን ግን ዛሬም አልዋጥኩትም።

በስደት በምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰፈሬ ውስጥ፣ በአራቱም በኩል የስቶፕ ምልክት የተተከለበት መስቀለኛ መንገድ አለ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያልፋል፣ እኩል ከደረሱ በቀኝ ያለው ያልፋል። ያኔ ታክሲ እነዳ ስለነበር በእንቅልፍ ልቤም አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ከቀኜ ግን ነጠላ የለበሱ ሴትዮ መኪናቸውን እየነዱ መጥተው ቆሙ። እናቴን የሚያህሉ ሰው ቆመው እያዩኝ እኔ ላልፍ? በእጄ «ይለፉ» አልኳቸው። እሳቸውም በእጃቸው «እለፍ» አሉኝ። መስኮቴ ተዘግቶ «ኧረ በሞቴ» እላለሁ። እሳቸውም በበኩላቸው አንድ ነገር ይምሉብኛል። በመጨረሻ ሁለታችንም እኩል እሺ ብለን እኩል ተነሳን፤ የመኪናቸው አፍንጫ የመኪናዬን በር ገጨው።

ወርደን «ጥፋቱ የኔ ነው»፣ «የለም፣ የኔ ነው» ስንባባል ፖሊስ ደረሰ። «ይለፉ ብያቸው ነበር» ብዬ ሳስረዳው፣ «ታዲያ ለምን ሄድክ?» ብሎ የቅጣት ቲኬቱን ለኔ ጻፈው። ለታክሲ ነጂ መንጃ ፈቃዱ ላይ ፖይንት፣ የጥፋት ነጥብ፣ መያዝ ማለት በእንጀራው መጫወት ነው። እከራከራለሁ አልኩ።

በቀጠሮው ቀን ሴትዮዋ ከልጃቸው ጋር ለምስክርነት መጡ። ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብለው፣ «ይሄ ልጄ አርጅተሻል ብሎ ቁልፌን ሊቀማኝ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ጥፋተኛ ከተባልኩ አለቀልኝ» አሉኝ። ሐኪም ቤት ቢሉ ገበያ፣ የሰው ፊት ሳያዩ የሚኖሩት በዚያች መኪና ነበር።

ዳኛው «ማን ቀድሞ ደረሰ?» ሲለኝ «እኔ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። «እኩል ነው የደረስነው፤ እሳቸው በቀኜ ነበሩ» አልኩ። ፖይንቱን ይጻፉብኝ። እኒህን ሴት ከመኪናቸው አስወርጄማ ነጻ አልወጣም። እልህ ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ እልህ ነው።

ለእሳቸው የተመደበችው አስተርጓሚ ያልኩትን ስትነግራቸው ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ይዋሻል። ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው፤ እንደዚያ ብላችሁ ጻፉ» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ማን ለመነህ? ጥፋቴን መሸከም የሚያቅተኝ መሰለህ?» አሉኝ።

ዳኛው ክሱን ዘጋው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ልጃቸው፣ «በቃ ማሚ፣ ራስሽ አመንሽ እኮ» ብሎ ለቁልፉ እጁን ዘረጋ።

«መንዳት ያለበት ጥፋቱን የሚያምን ሰው ነው» አሉት። «አንተ ስንት ቲኬት ስትቀበል አንዱን እንኳ የኔ ጥፋት ነው ብለህ ታውቃለህ?»

ቁልፉን እንደያዙ ወደ መኪናቸው ሄዱ። እሳቸው መሪው ጋ ተቀመጡ፤ እሱ በወዲያኛው በር ገብቶ ቀበቶውን አሰረ።