የእትዬ ዘነቡ አረንጓዴ በር

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። አልማዝ ተሳስታ ይሆናል ብዬ። ሰው በገዛ እናቱ ሞት እንዴት ይሳሳታል? ግን ያን ሰዓት ያሰብኩት እሱን ነው። ደግማ ነገረችኝ። እትዬ ዘነቡ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል።

ወልቂጤ የተማራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለችው፣ አረንጓዴ የእንጨት በር ያላት ልብስ ስፌት ቤት የሳቸው ናት። የስንቶቻችንን ዩኒፎርም ሰፍተዋል። "ታድጊበታለሽ" እያሉ እያሰፉብን ግማሹ ትምህርት ቤት ጆንያ የለበሰ ይመስል ነበር።

እኔ ከአገና ለትምህርት መጥቼ የተከራየሁት ከስፌት ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ነው። ያኔ ወልቂጤ ባጃጅ የለ፣ ዩኒቨርሲቲ የለ። ከትምህርት ቤት መልስ የነበረኝ መዝናኛ እትዬ ዘነቡ ነበሩ።

ጎንደሬው የአማርኛ መምህራችን ሲዛወር አንድ ልቦለድ ሰጥቶኝ ሄደ። ስለ ሙታን ነው። አንድ ሰው ይሞትና መሞቱን ሳያውቅ ይንከራተታል። ወዲያኛው ዓለም ትልቅ መናኸሪያ ነው፤ ሙታኑ ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እትዬ ይህን ስነግራቸው "እዚያም ረዳት ይጮሃል?" ብለው ሳቁና አንብቢልኝ አሉኝ። እሳቸው ይሰፋሉ፣ እኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ።

አሁን ራሴ ቡታጅራ አስተማሪ ነኝ፤ እንደሳቸው ያለ አድማጭ ግን አላጋጠመኝም። ደስ ያላቸው ቦታ ላይ እግራቸው ፔዳሉን ይረሳዋል። የስፌት መኪናው ዝም ሲል ሳይነግሩኝ ያንን ገጽ ደግሜ አነባለሁ። ስፈጥንባቸው ደግሞ "ቀስ በይ ልጄ፣ ሙታኑ ይድረሱብን" ይሉኛል። ዛሬ እኔም ተማሪዎቼ ሲያነቡ ሲጣደፉ ይህንኑ እላቸዋለሁ። ከማን እንደወሰድኩት አያውቁም።

እትዬ ጴንጤ ነበሩ፤ ያውም የመዘምራኑን ልብስ የሚሰፉ። እነሱ ዘንድ ደግሞ የመናፍስት ወሬ አይወደድም። አንድ ከሰዓት የመጽሐፉ ሰውዬ ከአንድ የተዘጋ በር ፊት ቆሞ፣ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ሳለ፣ የመዘምራኑ መሪ ልብሷን ልትለካ ገባች። እትዬ መጽሐፉን ከእጄ መንጭቀው ነጩ ጨርቅ ስር ወሸቁት። ሴትየዋ ስለ ጸሎት ፕሮግራም ታወራለች፣ እሳቸው "አሜን፣ አሜን" ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። ገና ከደጃፉ ሳትርቅ "በይ ቶሎ፣ ከፈተው?" አሉኝ። ቶሎ በይ ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ደራሲው ላይ አንድ ቅሬታ ነበራቸው። በመጽሐፉ ሙታን ወደ ቤታቸው የሚመለሱት በተገኘው ቀን ነው።

"ይሄ ደራሲ ጉራጌ አይደለም" አሉኝ። "ለመስቀል አገሩ የማይገባ ሙት ምን ዓይነት ሙት ነው?"

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ታረቀኝ የሚባል የመጀመሪያ ልጅ እንደነበራቸው ያን ጊዜ አላውቅም። መርካቶ ይነግድ ነበር፤ መስቀል ሲሆን ቀርቶ አያውቅም። አንድ ዓመት መስቀል ሳይደርስ ታመመና እዚያው አዲስ አበባ ሞተ። እናቱ የደረሱት ከተቀበረ በኋላ ነው።

ይህን ያወቅሁት የሰውየው ቤት በር ያለበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው። ሰውየው እንደምንም መንገዱን አግኝቶ ሰፈሩ ይገባል። ሚስቱ ግን በሩን ሌላ ቀለም ቀብታዋለች። ቤቱን ሳያውቀው አልፎት ይሄዳል። መኪናው ዝም አለ። እንደልማዴ ደግሜ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሱ።

"የኔን በር የቀባው ታረቀኝ ነው" አሉኝ። ስለ ልጃቸው ያን ጊዜ ነገሩኝ፤ ከዚያ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እኔ ግን ፊደሉ በእንባ ተጋርዶብኝ ማንበብ አቃተኝ።

መጽሐፉ ሲያልቅ ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ስንት ጊዜ እንዳነበብነው እንጃ። ያ ቦታ ሲደርስ ግን "እሱን ዝለይው" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወልቂጤ ተለወጠች። ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠቀለል የብረት በር አስገባ። አልማዝም እናቷን ስንቴ ለመነች። እትዬ ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሩን ያንኑ አረንጓዴ ቀለም ያስቀቡታል። ሰው ግትርነት ይመስለው ነበር።

አልማዝዬ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና ከቡታጅራ እነሳለሁ። እስክመጣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ያን በር ማንም እንዳይነካው። ቀለሙን ዘንድሮ እኔ እቀባዋለሁ።

እትዬ ዘነቡ፣ በርስዎ ቤት ያነበብኩትን ያህል የትም ደስ ብሎኝ አላነበብኩም። በጣም ነው የሚናፍቁኝ። እንግዲህ ቀስ ብለው ይሂዱ፣ እኛም እንደርስብዎታለን። መስቀል ቀርቧል፤ በሩ ያው አረንጓዴ ነው። ታረቀኝን ይዘውት ይምጡ።