ጋሼ ቱፋ የመረጠው ትራክተር

ሰሞኑን ከጓሮዬ ጀርባ ለአዲስ ፎቅ መሠረት እየተቆፈረ ስለሆነ፣ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የናፍጣ ሽታ ከእርጥብ ጥቁር አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ሌላው የቀራንዮ ሰፈር ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያማርር እኔ ግን መስኮቱን ይበልጥ ከፍቼ እቆማለሁ። ሁለቱን ሽታዎች ባንድነት መጀመሪያ ያሸተትኩት እዚሁ ቦታ ላይ ነው። ያኔ ፎቅ አልነበረም፣ አስፋልት አልነበረም፣ ከቤታችን ደጃፍ እስከ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ድረስ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ብቻ ነበር። በዚያ ማሳ ላይ የመጀመሪያውን ትራክተር ያስገባው የእኛ ቤት ነው። ይህን ታሪክ አሟልቶ የሚያውቅ ከእኔ በቀር በሕይወት የለም፣ ቢኖርም እንደ እኔ አድርጎ አይናገረውም።

እኔ የትምህርት ቤት በር ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት እናቴ ግድግዳችን ላይ ከለጠፈችው ጋዜጣ ነው። ቤታችን የመጣውን እንግዳ ሁሉ ቀሚሱን ወይም ኮቱን ጎትቼ «ይቺ ምንድን ናት?» እያልኩ፣ ከአንዱ አንድ ፊደል ከሌላው ሌላ ፊደል እየለመንኩ፣ በስምንት ዓመቴ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አነብ ነበር። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ብቻ ቀርቶብኝ፣ አንድ ቀን ሳጥኑን ገፍቼ ልጨርሰው ስል የእናቴን ጋን ሰብሬ ተገርፌአለሁ። ዛሬ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሞተር መመሪያ ማንም ሳይተረጉምልኝ አነባለሁ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ደግሞ ሌላው መካኒክ ተስፋ ቆርጦበት እኔ ያላስነሳሁት ሞተር ካለ ይምጣና ልየው።

አባቴ፣ አቶ መኩሪያ፣ አንድ የእርሻ በሬ ብቻ ነበረው፤ ግራጫ ስለነበረ ዳለቻ እንለው ነበር። ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ጎረቤታችን ጋሼ ቱፋም አንድ በሬ ብቻ ነበረው፣ ስሙም ቡሬ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለቱ ሰዎች እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መቀናጆ ነበሩ፤ በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ አንድ ቀን የእሱን ማሳ ያርሱ ነበር። ጋሼ ቱፋ ሲያርስ በሬዎቹን ያዋራቸው ነበር፣ ቡሬን በኦሮምኛ፣ ዳለቻን በአማርኛ። አባቴ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ «አያ መኩሪያ፣ ዳለቻ የእናንተ ሰው ነው፣ በኦሮምኛ ብሰድበው ያመሰገንኩት ይመስለዋል» ይለው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እናቴ የላከችውን ቂጣና ጎመን ይዤላቸው ስሄድ፣ ሁለቱም ትልሙ ዳር ተቀምጠው ከአንድ ቅል ጠላ እየተቀባበሉ፣ እየተሟገቱና እየሳቁ አገኛቸው ነበር፤ ስድስት ቀን የሚፈጀው እርሻ ስድስት ቀን ጨዋታ ነበረ ማለት ነው።

አሥር ዓመት በሞላኝ በጋ፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አባቴን ወገቡ ከዳው። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር እንኳን አቃተው፣ እርፍ መጨበጥማ የማይታሰብ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ከተማ ገብቶ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር፣ እኔ ገና የማረሻውን ክብደት አልችልም፣ ጋሼ ቱፋም ሁለቱን ማሳ ለብቻው አርሶ ለዘር ሊያደርስ አይችልም ነበር። አባቴ የባሕር ዛፍ ደናችንን ለቆራጮች ሸጠና አንድ ጠዋት ትራክተር እንደሚገዛ ነገረን፤ የጎደለውን በዳለቻ ዋጋ እሞላለሁ አለ።

«ዳለቻን ሸጠህ?» አለች እናቴ፣ «ቡሬስ ብቻውን ምን ይሠራል? ቱፋስ?»

«ትራክተሩ የቱፋንም ማሳ ያርሳል። ምን ይጎድልበታል?»

ለጋሼ ቱፋ ነገሩ የማሳው መታረስ ብቻ እንዳልሆነ እናቴ ያኔውኑ አውቃው ነበር። እኔ ግን ትራክተር የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

ትራክተር የሚሸጠው በሆለታ መንገድ ዳር ጋራዥ የነበረው አንድ ጣሊያን ነው፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ያገለገሉ ትራክተሮች ቆመው ነበር። አንዱ ቀይ፣ ትልቅ፣ ቀለሙ አዲስ የተቀባ፣ ሌላው ግራጫ፣ ትንሽ፣ ጭቃ መከላከያው የዛገ። አባቴ ያለ ጋሼ ቱፋ ዓይን በሬ ገዝቶ ስለማያውቅ፣ ይህንንም እንዲያይለት ይዞት ሄደ። ያኔ ልጅ ነበርኩና አልገረመኝም፤ የገዛ በሬውን ሥራ የሚያስፈታውን ነገር እንዲመርጥ ነበር የጠራው፣ እሱም ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ በማለዳ መጣ።

ጋሼ ቱፋ ትራክተሮቹን እንደ በሬ ነው ያያቸው። ከፊት አየ፣ ከኋላ አየ፣ ተንበርክኮ ከሥር አየና «ይህ ነገር ተኮላሽቷል?» ብሎ አባቴን አሳቀው። ምን እንደሚበላ ጠየቀ፣ ሲታመም ማን እንደሚያክመው ጠየቀ። ከዚያ ጣሊያኑን «አስሂድልኝ» አለው፣ ደረቁ መሬት ላይ ሳይሆን ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው እርጥብ መሬት ላይ። ጣሊያኑ እያጉረመረመ ሁለቱንም በየተራ አስሄዳቸው፣ ጋሼ ቱፋም በየጎማው ዱካ ውስጥ ጣቱን አጋድሞ ጥልቀቱን ለካ። የቀዩ አራት ጣት፣ የግራጫው ሁለት ጣት ነበር።

«አያ መኩሪያ፣ ቀዩ ሰኮናው ከባድ ነው። የእኛ መረሬ ጥቁር አፈር በሐምሌ ይውጠዋል። ትንሹን ውሰድ።»

በዚህ ጊዜ ነው እኔ የገባሁት። በየሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ በምራቄ አርሼ በእጅጌዬ ወልውዬ ቁጥሯን አነበብኩ። «አባዬ! ቀዩ ሠላሳ አምስት ፈረስ ነው፣ ግራጫው ሃያ ብቻ ነው!»

«እኔ ፈረስ ምን ያደርግልኛል፣ የምፈልገው ሁለት በሬ ነው» አለ አባቴ።

ጣሊያኑ ግን በሳቅ ፈነዳና ራሴን ደባበሰኝ። «ብራቮ! ልጅ ያውቃል! ሠላሳ አምስት ፈረስ፣ ሠላሳ አምስት!» አለ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከቤቱ ውስጥ የሚያነብ ሰው ወጥቶ፣ ያውም በፈረንጅ ፊት ሲመሰገን ያየው የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ያን አስተያየቱን ዛሬም አልረሳውም፣ እንደዚያ ዓይን ያየኝ ሰው ከዚያ በኋላ የለም። ቀዩን መረጠ።

ጋሼ ቱፋ አልተከራከረም። «ልጁ አንብቧል፣ እኔ አላነብም» አለና፣ ከዚያ ግን ወደ ጣሊያኑ ዞሮ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀ። «ጓደኛ አይፈልግም? ብቻውን ነው የሚጎትተው?»

«ብቻ! ብቻ ይበቃል!»

ጋሼ ቱፋ እጁን በቀዩ ብረት ላይ አሳርፎ፣ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» አለው፣ ትራክተሩን።

ዳለቻ በማግስቱ ገበያ ወርዶ ለአንድ የሩቅ ነጋዴ ተሸጠ። በልግ ሲገባ፣ ጥቂት ዝናብ አፈሩን ለስለስ እንዳደረገው፣ ጣሊያኑ መንዳት ያስተማረው አባቴ ቀዩን ትራክተር ማሳችን አስገባ፣ የቀራንዮ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሊያይ መጣ፣ እኔም ከአባቴ ጎን ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጬ እንደ ደጃዝማች ነበርኩ። የእኛን ማሳ በአንድ ጠዋት፣ የጋሼ ቱፋን ከሰዓት በኋላ ገለበጥነው። ጋሼ ቱፋ ማሳው ዳር ቆሞ ያይ ነበር፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት አንዴ ከኋላው ያጣምረዋል፣ አንዴ ጋቢው ውስጥ ይከተዋል። ሮጬ ቤት ሄጄ የእናቴን ቂጣ ይዤ ስመለስ ሥራው አልቆ ነበር፣ ሁለቱም ወደየቤታቸው ሄደው ነበር፣ ቂጣውን መንገድ ላይ ለብቻዬ በላሁት።

ክረምቱ ያን ዓመት ቀደም ብሎ ገባ። በሐምሌ፣ ጤፍ ሊዘራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለመጨረሻው እርሻ ቀዩን ትራክተር ይዘን ወጣን፣ ማሳው መካከል ስንደርስ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይዞሩ ጀመር። አባቴ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ይሰምጣል። ሠላሳ አምስቱም ፈረስ አንድ ላይ እየጮኹ ትራክተሩ እስከ ሆዱ ገባ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፣ ዝናቡ ብቻ ቀረ። አባቴ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ዘሩ ካለፈ ዓመቱ ማለፉ ነበር፣ በሬ የለን፣ ወገብ የለው። ያነበብኩት ቁጥር ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር።

ከወንዙ ማዶ ድምፅ ሰማን። ጋሼ ቱፋ ነው፣ እያዋራ ይመጣል፣ አንዱን በኦሮምኛ፣ አንዱን በአማርኛ። ከዝናቡ ውስጥ ቡሬ ብቅ አለ፣ ከጎኑም በዚያው ቀንበር ዳለቻ።

አባቴ ከትራክተሩ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ቆመ። «ቱፋ፣ ይህ...»

«አዎ ዳለቻ ነው፣ ምን ታፈጣለህ፣ አውቆሃል እኮ።»

ለካ ጋሼ ቱፋ በገበያው ዕለት ነጋዴውን ተከትሎ፣ የገዛ ጊደሩን ሰጥቶ ዳለቻን መልሶ፣ አባቴ እንዳያፍር ሰበታ እህቱ ቤት አስቀምጦት፣ ዝናቡ ሲበረታ ቀዩ እንደሚሰምጥ ገምቶ አምጥቶት ኖሯል። «ጥንድ አይፈታም» ብቻ አለ። ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጠቀጠቅን፣ በሬዎቹ ከፊት በሰንሰለት፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከኋላ በትከሻ ሆኖ፣ ጋሼ ቱፋ በሁለት ቋንቋ እየተሳደበ ትራክተሩን አወጣነው። ከዚያም ቆሞ ሳይውል ማሳችንን በበሬዎቹ አረሰልን፣ ጤፉ በቀኑ ተዘራ። በነዚያ ሁለት ቀናት ምሳ ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ ቅሉንም እንደ ድሮው ተቀባበሉት፣ አባቴ ወገቡን ይዞ ሲስቅ ከወንዙ ይሰማ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ቀዩን ወደ ጣሊያኑ መለስነው። ጣሊያኑ ገና ከሩቅ ሲያየን፣ «ያ ሰውዬ የት አለ፣ በሬ የሚያየው?» አለ፣ በግራጫውም ሳያንገራግር ለወጠልን። ጋሼ ቱፋ የመረጠው ትራክተር እንከን አልነበረውም። ክረምት ከበጋ ማሳው ላይ እንደ ድመት ይሄዳል፣ አንድም ቀን አልሰመጠ፤ እኔም ፈትቼ ገጥሜ፣ ገጥሜ ፈትቼ መካኒክ የሆንኩት በእሱ ነው፣ በአሥራ አራት ዓመቴ ሞተሩን ዓይኔን ጨፍኜ እገጥመው ነበር።

ያላሰብነው ነገር ያው እንከን ማጣቱ ነበር። ቀዩ ቢሆን ኖሮ በየሐምሌው ይሰምጥ ነበር፣ ጋሼ ቱፋም በየሐምሌው በሬዎቹን እያዋራ ይመጣልን ነበር። ግራጫው ግን አልሰመጠም። የሁለቱን ቤት ማሳ በአንድ ቀን ጨርሶ ይገባል፣ ትልም ዳር የሚቀመጥ የለም፣ ቂጣ የሚላክለት የለም። አልተጣላንም፤ በበዓል እንጠራራ ነበር፣ ለቅሶ እንደራረስ ነበር፣ ከዚያ ግን የሚያገናኘን ሥራ ጠፋና ወንዙ ሰፊ ሆነ። ጋሼ ቱፋ ቡሬንና ዳለቻን ሥራ ሳይኖራቸው ቀለባቸው፤ አንዳንድ ጠዋት ጠምዶ የገዛ ጓሮውን ጥግ ሲያርስ እሰማው ነበር፣ ድምፁን እንጂ የሚለውን አልሰማም። በሬዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ፣ እሱም ሰበታ እህቱ ጋር ሄደ። ለስንብት ሲመጣ ግራጫውን ዞር ብሎ አየና አባቴን፣ «ጥሩ ገዛህ» አለው። አባቴ፣ «አንተ ነህ የመረጥከው» አለው።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ናትናኤል መጣ። በሆለታ በኩል የእርሻ ቦታ ይዟል። «አባባ፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ይምረጡልኝ» ብሎ ስልኩ ላይ ትንንሽ ትራክተሮች አሳየኝ፤ ልክ ነው፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅሁት፣ ጥቁር ነው አለኝ። ቀላሉን መረጥኩለት።

«ጉልበቱ ያንሳል እኮ፣ አባባ።»

«ሰኮናው ይቀላል» አልኩት፣ ሳቀ። ከዚያ፣ «ጎረቤትህ ማን ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፣ አጥር ነው ያለው» አለኝ።

ያኔ ሁለተኛ በሬ የሌለው ሰው ጎረቤቱን ያውቅ ነበር፣ ዛሬ ሁሉ ያለው ሰው አጥሩን ያውቃል፤ የትኛው እንደሚሻል ተጠይቄ አላውቅም፣ ብጠየቅም ማሳውን ለዘር ያደረሰ ትራክተር ክፉ ነበር አልልም። ጠዋት ግን መስኮቴን ከፍቼ ስቆም፣ የሚቆፍረው ማሽን ያንኑ ጥቁር አፈር እየገለበጠ ይሄዳል፣ ሾፌሩ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ማሽኑ ብርቱ ነው፣ ብቻውን ይበቃል። እኔ መስኮቱን የማልዘጋው ምናልባት ሾፌሩ ያዋራው እንደሆነ ልስማ ብዬ ነው።