ለሸራው ጀርባዋን የምትሰጥ ሴት

ከሌላ ከተማ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ በእረፍት ቀኗ የትኞቹን ሲኒማ ቤቶች ብታይ እንደሚሻል ስትጠይቀኝ፣ ለዚህ ከአክስቴ የተሻለ ሰው እንደሌለ ነገርኳት። አክስቴ የከተማውን ሲኒማ ቤቶች አንድ ባንድ ታውቃቸዋለች፤ ፊልም ግን አይታ አታውቅም። ባልደረባዬ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ሲኒማ ቤት መጋረጃ እንድታሳጥርለት ጠራት። መጋረጃውን ገለጥ ስታደርገው ፊልሙ የሚታይበት ነጭ ሸራ መሰላል ወድቆበት ክንድ ያህል ተቀዷል፤ ባለቤቱም በፕላስተር ለጣጥፎታል። አክስቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይታ ዝም ብላ የምታልፍ ሰው አይደለችም። ቀረብ ብላ ስታየው ሸራው የድምፅ ማጉያውን ድምፅ እንዲያሳልፍ ከዳር እስከ ዳር በደቃቅ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ነርስ ከሆነች ጎረቤቷ ቁስል የሚሰፋበትን ቆልማማ መርፌ ለምና፣ ከጀርባ ገብታ፣ በእነዚያው ቀዳዳዎች እያሾለከች ሰፋችው። ሕጓ ያን ቀን ወጣ፤ አዲስ ቀዳዳ አትበሳም።

ወሬው ከሲኒማ ቤት ሲኒማ ቤት ተዛመተ። ሠራተኞቹ «ዶክተር» ይሏታል። አንድ ቀን የፊልም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ደጃፏ ላይ ቆሞ «ዶክተር አሉ?» ብሎ ሲጣራ የሰማች አዲስ ተከራይ፣ በማግስቱ የደም ግፊቷን ልታስለካ መጣች። አክስቴም ላሳፍራት ሳትል፣ እጅጌዋ ላይ የተተረተረውን ሰፍታ ሸኘቻት።

እኔ ነገር ካልቆፈርኩ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ለባልደረባዬ የሚታዩትን ልጽፍላት ደብተሬን ይዤ ሄድኩባት። ባለ ደረጃው ሲኒማ ቤት ይታይ አለችኝ፤ ሸራው ታች በስተቀኝ ሦስት ጣት ስፌት አለው፤ ፎቅ ላይ ያሉት ወንበሮች የእንጨት ክንዳቸው ከሰው እጅ ብዛት ያብረቀርቃል። ከገበያው በላይ ያለው ጠባብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ተመልካቹ ሁሉ ፊልሙን ትቶ ወደ ላይ ያያል። የመናኸሪያው ደግሞ አውቶቡስ በተነሳ ቁጥር ሸራው ስለሚርገበገብ ተዋናዮቹ ብርድ የያዛቸው ይመስላሉ። ክቡ ሲኒማ ቤት ላይ ስንደርስ «እሱን ገና አትጻፊው» አለችኝ።

ለምን? አልኳት። ለካ የክቡ ሸራ በዚያው ሳምንት መሃሉ ላይ፣ የሰው ፊት በሚመጣበት ቦታ ተቀዷል። እሷ ደግሞ፣ ለማንም አትንገሪ ብላ እንደነገረችኝ፣ ከዓመት ወዲህ ቀዳዳዎቹ በመነጽርም እየተደባለቁባት ነው።

«ይሄኛው ስፌት ከታየ፣ መርፌዬን አስቀምጣለሁ» አለችኝ። ስትናገር ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት መብራት ልይዝላት አብሬያት ሄድኩ። ከሸራው ጀርባ አቧራ፣ ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎችና ማን እንደረሳው የማይታወቅ አንድ እግር ጫማ ነበር። እኔ ጫማው የማን እንደሆነ ስመራመር እሷ አራት ሰዓት ሙሉ ሰፋች። ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መርፌው ቀዳዳውን ስቶ ሌላ በስቷል፤ ሸራውም እዚያ ጋ ትንሽ ተጨማደደ። አክስቴ እጇን አቆመች። እኔ የመብራቱን ገመድ የማስተካክል መሰልኩ። ከዚያ ስፌቷን ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ፊልም ሊጀምር ሲል እንደ ልማዷ ፊት ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንደ ልማዷም ዞራ፣ ለሸራው ጀርባዋን ሰጥታ። ይሄን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠይቃት «አንገቴን ስለሚያመኝ ነው» እያለች ስታልፈኝ ኖራለች። ያን ቀን ግን እውነቱን ነገረችኝ። ስፌቷ የት እንዳለ ስለምታውቅ እሷ ብታየው ምንም አይነግራትም። የምታየው የተመልካቹን ዓይን ነው። ሰዉ ታሪኩን እየተከተለ ሳለ የአንዱ ዓይን ድንገት ባዶ ቦታ ላይ ከተተከለ፣ ስፌቱ ታይቷል ማለት ነው። በጨለማና በሰው ፊት ላይ ሁሉም ነገር ይደበቃል፤ ሰማይ ሲመጣ ጠብቂ አለችኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ዓይን ተተክሎ አልያዘችም።

መብራቱ ጠፋ። አንድ ሰውዬ በገጠር መንገድ ይሮጣል፤ ለምን እንደሚሮጥ ገና አልገባንም። ከዚያ ካሜራው ቀና አለና ጥርት ያለ ሰማይ ሸራውን ሞላው። ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ ሰማዩ ላይ፣ አንዲት ፀጉር የወደቀች ያህል መስመር አየሁ። በሕይወቴ የአክስቴን ስፌት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እሷ የኋላ ወንበሮቹን ስትቃኝ ቆይታ ወደኔ ዞረች።

«ታየሽ?»

«የቱ ጋ ነው? እኔ ምንም አላየሁም» አልኳት።

«ያልታየው ሰው ይፈልጋል፣ የኔ ልጅ። አንቺ ስትፈልጊ አላየሁም። ዓይንሽ ቀጥ ብሎ ሄዶ ነው ያረፈው።»

ሌላው ሰው ሁሉ የሚያየው ሰውዬውን ነው፣ አንድም ሰው አላስተዋለም አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

«ዛሬ» አለች። «ነገ አንዱ ያየዋል።»

መርፌዋን ከአንገትጌዋ ነቅላ በጨርቅ ጠቀለለችና ቦርሳዋን ዘጋችው። «ክቡንም እንግዲህ ጻፊው፤ ይታይ» አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረችና እንደ ሰዉ ሁሉ ፊቷን ወደ ሸራው አድርጋ ተቀመጠች። መጀመሪያ ስፌቷን የምትመረምር መስሎኝ ነበር። ሰረቅ አድርጌ ሳያት ግን ዓይኗ ሰውዬውን እየተከተለ ነው፤ እሱ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ወደ ቀኝ፣ ሲወድቅ ወደ ታች። ትንሽ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?»

እኔም ያየሁትን ከመጀመሪያው ጀምሬ በሹክሹክታ ነገርኳት።