የሐጂ ኡስማን የፈረስ ማሰሪያ

ዛሬ ረፋድ ላይ ጎባ፣ በአዲሱ ባለመስታወት ሕንፃ ፊት፣ ከዲንሾ የመጡ ሽማግሌ ፈረሳቸውን የሚያስሩበት አጥተው ቆመው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ እዚህ ፈረስ አይቆምም» አላቸው ዘበኛው።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ቆሟል።»

እውነታቸውን ነው። በደርግ ዘመን እዚያ የሐጂ ኡስማን ሱቅ ነበረ፤ በደጁም ለገበያተኛ ፈረስ ማሰሪያ የተተከሉ ግንዶች ነበሩ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ለከተማ አይመጥንም፣ ይነቀል» ቢሉ፣ ሐጂ «ጓድ፣ ታዲያ ደንበኛዬ ፈረሱን ታቅፎ ይግባ?» አሏቸው። ግንዱ ሳይነቀል ቀረ።

ዘንድሮ ግን ሱቁን አፍርሶ ይህን ሕንፃ የሠራው የገዛ የልጅ ልጃቸው ነቀለው።

ሽማግሌው ጨው እስኪገዙ ልጓሙን እኔ ያዝሁ። ከሁለታችን ታጋሹ ፈረሱ ነበር።

ሲመለሱ «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑኝ፤ «ከእንግዲህ ገበያ የምወጣ አይመስለኝም» አሉ።

ወገኖቼ፣ በእናንተስ ከተማ ለገጠር እንግዳ ክብር ተብሎ የቆመ ምን ነበር? ማንስ ነቀለው?