ሳይቆነጠር የዞረው ወረቀት

አባቴ ሱሉልታ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። እንጀራው የሯጮችን ቱታ ማጥበብና ዚፕ መቀየር ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሒሳብ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ደንበኞቹ «ልጅዎ ምን እየሠራች ነው?» ሲሉት ወሬ ይለውጣል። ያናድደኝ ነበር። እንደሚኮራብኝ አውቃለሁ፤ የሚኮራበትን ነገር ግን በአፉ ሊናገረው አይችልም። እንዲችል ፈለግሁ፤ አንድ ቅዳሜ ለጥናቴ የማጥፈውን ወረቀት ይዤ ሱቁ ገባሁ።

«አባዬ፣ ይህን ወረቀት አጥፌ እንደ ጎማ መሃሉ ክፍት የሆነ ነገር ልሠራ ነው። ጠርዞቹ የሚገናኙበት ጫፍ ከስምንት መብለጥ የለበትም። በሰባት እንደማይሆን ተረጋግጧል። ደግሞ የእያንዳንዱ ጫፍ ዙሪያ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ ሙሉ ክብ መሆን አለበት።»

«እሺ» አለኝ። እንዳልገባው ያስታውቅበታል።

አጠፍኩ፣ አጣበቅሁ፤ የመጨረሻው ጠርዝ አልገጥም አለኝ። ተበሳጭቼ ሻይ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ገጥሟል! በደስታ ልጮህ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን አባቴ አንዱ ጫፍ ላይ ወረቀቱን ቆንጥሮ በነጭ ክር ሰፍቶታል፤ ልክ የሴት ቀሚስ ደረቱ ላይ እንደሚቆነጠረው።

ሳቅ ገደለኝ። «ቆነጠርከው እኮ! እዚህ ጫፍ ላይ ክቡ ጎደለ።»

«ታዲያ ጠፍጣፋ ነገር ሳይቆነጠር እንዴት ይዞራል?»

«የእኔም ጥያቄ እሱ ነዋ! አንድም ቦታ ሳይቆነጠር፣ በስምንት ጫፍ ብቻ።»

መነጽሩን አወለቀ። «አንድም ቦታ?»

«አንድም ቦታ።»

«አይሆንም!» አለ፤ ክሩን ግን ራሱ መተርተር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ ሁለት ልጆች የገቡ ይመስል ነበር፤ ወረቀቱን እንነጣጠቃለን፣ እንከራከራለን። በመጨረሻ ወደ ውጭ መታጠፍ ሲገባው ወደ ውስጥ ያጠፍኩትን አንድ መስመር አገኘሁ። ስገለብጠው ጠርዙ ዝም ብሎ ቦታው ገባ። የተጨማደደ፣ ውበት የሚባል ያልፈጠረበት ነገር ነው። አባቴ በጠባቡ ቀዳዳ ጣቱን አሳልፎ ከት ብሎ ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወዲያው አንድ ሯጭ ገባ። «አካም ጅርቱ ጋሼ? ምንድን ነው እሱ?»

አባቴ ወሬ አልለወጠም። «ቁጭ በል» አለው፤ «የልጄ ሥራ ነው። እየው፣ አንድም ቦታ አልተቆነጠረም።»

ሯጩ የመጣው ቱታውን ሊወስድ ነበር። እስኪገባው ድረስ አልሰጠውም።