ከሰማይ ለወደቀ ሳጥን አውጫጭኝ

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠርግ በመቅረጽ ይተዳደራል። ባለፈው ዓመት ድሮን ገዛና ሥራው ባንድ ጊዜ ተመነደገ። ዛሬ ሙሽራ ከላይ ካልተነሣች አገባች አይባልም። «ገበያው ደርቷል» ይለኛል፤ «ለሠርግ ይፈለጋል፣ ለመሬት ልኬታ ይፈለጋል፣ ማሳ ላይ መድኃኒት ለመርጨትም መጠየቅ ጀምረዋል።» ሌላውን ዓይነት፣ የወታደሩን፣ አያነሣውም። የዚያኛውም ገበያ መድራቱን ሁላችንም እናውቃለን። የእሱ ካሜራ ዳስ ላይ ማንዣበብ ስትጀምር እንኳ ሰው እልልታውን ገታ አድርጎ ድምፁ የየትኛዋ እንደሆነ ያጣራል።

እኔ ግን በዚህ ነገር የእህቴን ልጅ ቀድሜዋለሁ። ሰው የማይሳፈርበት በራሪ ዕቃ ገበያ ሲወጣ ያየሁት በደርግ ጊዜ አንኮበር ውስጥ ነው። ያኔም ነጋዴውም ታጣቂውም ተሻምተውበታል።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ከአንኮበር ቁልቁል ባለች መንደር ተመድቤ ሳይንስ አስተምር ነበር። የማድረው አንድ ገበሬ ግቢያቸው ውስጥ በሰጡኝ ጎጆ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው የራሷን ልጆች ከማብላቷ በፊት ለእኔ ታቀርባለች። ጋሼ መንገድ ላይ ማጭድ ቢያገኙ ባለቤቱን ሳያገኙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ የውሸት መሐላ ከመብረቅ በላይ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ለጎረቤት መልካም ነው፤ ለዘመኑ ግን አይመችም።

በኅዳር አንድ ማለዳ ገብስ ሊያጭዱ ወርደው ማሳቸው መካከል ነጭ ሳጥን አገኙ። የጫማ ካርቶን ያህላል፤ ሲያነሡት ከአንዲት ዶሮ አይከብድም። ረጅም ገመድ ታስሮበታል፤ ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ከጨርቁ በላይ የፈነዳ ላስቲክ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን ለልጁ ቀሚስ አሰፍቶ ገመዱን ለጥጃ ማሰሪያ አድርጎ ነገሩ እዚያው ባለቀ። የአገሩ ደንብ ግን የተገኘ ዕቃ ገበያ ወጥቶ ይለፈፍበታል ይላል፤ ጋሼ ደግሞ ደንብ አያፈርሱም። ሳጥኑን ተሸክመው ገበያ ወጡና ድንጋይ ላይ ቆመው «የጠፋበት ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ» እያሉ መለፈፍ ጀመሩ።

ባለቤት አልመጣም። ገዢ ግን መጣ። አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ጨርቁን በጣቶቹ መካከል ፈተግ ፈተግ አድርጎ «ወላሂ ይሄ ከሐር አይተናነስም፣ ዋጋውን ይጥሩ» አላቸው። «የሰው ገንዘብ አይሸጥም» አሉት። አልሸጥም ማለታቸውን መጎተት መስሎት ጨመረ። በርበሬ ሻጯ ሳጥኑን ፈለገች፤ አንዱ ጫኝ ገመዱን ፈለገ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ዋጋው ሦስት ጊዜ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው ተጋፍቶ እያየ፣ እየነካ፣ እየተከራከረ ሳለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከታጣቂዎቻቸው ጋር ደረሱ።

ሊቀመንበሩ ሳጥኑን በሩቁ ዞረው ዞረው አዩትና እኔን አስጠሩኝ። ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። የአየር ጠባይ መለኪያ ነው፣ ጉዳት የለውም ይላል። አፌን ልከፍት ስል ሊቀመንበሩ ቀደሙኝ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ የኢምፔሪያሊስት መልእክት ከሆነ፣ የሚያነበው ሰው ከላኪዎቹ ጋር እንደሚተዋወቅ አትርሳ።»

በዚያ ዓመት የጎረቤት ትምህርት ቤት መምህር ከውጭ አገር በመጣለት አንድ ደብዳቤ ምክንያት ተወስዶ አልተመለሰም ነበር። «ዝናብ አጥፍቶታል፣ አይነበብም» አልኩ። ኅዳር ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። ማንም ግን አላረመኝም።

ከአውራጃው ጥብቅ ትእዛዝ መጣ፤ ሳጥኑን ከዚህ ሆኖ ሊቀበል የነበረው ሰው በሳምንት ውስጥ ይገኝ የሚል። ሊቀመንበሩ ዘዴ አላጡም። አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲሰወር፣ አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የማይበተንበት የአባቶች ሥርዓት ነው። ለከብት ሌባ ፍቱን ነው ይባላል። ሊቀመንበሩ ባለፈው ስብሰባ የፊውዳል ርዝራዥ ብለው ሲያወግዙት ሰምቼ ቃለ ጉባኤ ላይ ጽፌያለሁ፤ አሁን ሰፊው ሕዝብ የፈጠረው የምርመራ ስልት መሆኑን በዚያው ደብተር ላይ ጻፍኩ።

ሦስት ቀን ወይራው ሥር ተቀመጥን። የደረሰው ገብስ መርገፍ ጀምሯል፤ ሰው ወደ ማሳው እያየ ያቃስታል። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ እየተነሣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ካየ ከሰማም አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። ጨርቁን ዳብሶ ዋጋ የጠራው ሁሉ አላየሁም አለ። በርበሬ ሻጯም አላየችም። በእኔ ተራ ተነሥቼ ማልኩና ተቀምጬ የራሴን መሐላ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያኔ ቆንጆ ነበር።

በመጨረሻ ጋሼ ተነሡ።

«ያየሁትስ እኔ ነኝ» አሉ። «ያነሣሁትም እኔ፣ ገበያ ያወጣሁትም እኔ። አላየሁም ብዬ እንዴት እምላለሁ?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ አየሁ ያለው አንድ ብቻ ሆነ፤ በሥርዓቱ መሠረት ነገሩ ወጣ። ሊቀመንበሩ አውጫጭኙ መሳካቱን አብሥረው ሕዝቡን ወደ አጨዳው አሰናበቱ። በማግስቱ ሁለቱም ወደ ደብረ ብርሃን ተላኩ። ሳጥኑ እንዳይጎዳ በበቅሎ ተጫነ፤ ጋሼ እጃቸው ታስሮ ዳገቱን በእግራቸው ወጡት።

ገብሳቸውን በደቦ አጨድንላቸው። እጄ እስኪላጥ አጨድኩ። ባለቤታቸው ከሁሉ አስበልጣ ለእኔ ጠላ ቀዳችና «እንደ ልጅ ሆንክልን» አለችኝ። አፍሬ መጠጣት አቃተኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ በር ድረስ ሄጃለሁ። ምን ፈልገህ ነው ሲሉኝ ጠመኔ አልቆብናል አልኩ። ሁለት ፓኬት ሰጡኝ።

ጋሼ በሚያዝያ ተፈቱ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ሳጥኑን አይቶ ሳቀ አሉ። ይህማ ነፋስና ብርድ ሊለካ በየአገሩ በፊኛ ወደ ሰማይ የሚለቀቅ ነው፣ ላስቲኩ ሲፈነዳ በደረሰበት ይወድቃል ብሎ አስረዳ። ሳቁ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ አምስት ወር ፈጅቷል።

በመጡ በሦስተኛው ቀን ወደ ጎጆዬ ብቅ አሉ። ከስተዋል፤ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የተቀመጡት። እስር ቤቱ በአስተማሪ የተሞላ ስለሆነ ፊደል ቆጥረው መውጣታቸውን ነገሩኝ።

«አንዱ እስረኛ፣ እንዳንተው መምህር የነበረ፣ የታሰርኩበትን ስነግረው ገና ሳልጨርስ ዐወቀው» አሉ። «ምንነቱ እላዩ ላይ ይጻፋል፣ እንግሊዝኛ ያየ ሁሉ ያነበዋል አለኝ።»

እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«ተቆጣሁት፣ መምህር። የኛ መምህር ካንድ መሶብ የሚበላ ሰው ነው፣ ተነብቦለት ቢሆን እኔን አሳልፎ አይሰጥም አልኩት። አላምንም ቢለኝ በልጆቼ ማልኩለት።» ቀና ብለው ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «በእውነት ነው የማልኩት፣ አይደለም?»

«በእውነት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።