«ሳያልቅ ድረሱ» ያልኩበት ቀን

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ የምኖር ሴት አይደለሁም። ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ስሸጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እዚህ ንዴቱን የሚውጥ ሰው ትርፉ የጨጓራ በሽታ ነው። ስለዚህ ያስቆጣኝን ነገር ለሚሰማኝ ሁሉ ተናግሬዋለሁ። አሁን ደግሞ ልጻፈው።

ታናሽ ወንድሜ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበር። «ነበር» ስል ምላሴን ይመረኛል። ትንንሽ አውሮፕላን የሚያከራይ አንድ ድርጅት ቀጥሮት ነበር። ሥራው አውሮፕላኗ ከመነሳቷ በፊት ዙሪያዋን ማየት፣ ደህና ከሆነች ወረቀት ላይ መፈረም ነው። ካልተፈረመ አትነሳም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አንድ ቀን የአንዷን የማረፊያ እግር ሲመረምር ስንጥቅ አገኘ። የፀጉር ያህል ናት አለኝ። አለቃው «ፈርም እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለው። አልፈርምም አለ። ሌላ ሰው ፈረመና አውሮፕላኗ ተነሳች።

ወንድሜ ዝም አላለም። በረራን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ያየውን ጽፎ፣ ሙሉ ስሙን አስፍሮ፣ ፈርሞ አስገባ። እነሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደብዳቤውን ከነስሙ «አስተያየት ስጡበት» ብለው ለዚያው ለድርጅቱ ላኩት። ሳምንት ሳይሞላው ወንድሜ ከሥራ ተባረረ። ይኸው ስምንት ወሩ፤ ሱቄ ውስጥ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የነጠላ ጫፍ ይቀመቅማል። በላያችን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እግሩን ከመርገጫው ላይ ያነሳና ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። የሚያንገበግበው የደሞዙ ነገር አይደለም። ያቺ አውሮፕላን ዛሬም ሰው ትጭናለች፤ ስንጥቋ ተሠርታ ይሁን ሳትሠራ የነገረው ሰው የለም።

ምርጫው ሲቃረብ አንድ የቆዩ ደንበኛዬ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የአንዲት ትንሽ ፓርቲ ዕጩ ሆኑ። ጋሼ ነው የምላቸው። «አባላታችሁ ሁሉ ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ ይሞላሉ?» ብዬ ስቀልድባቸው «ባይሞሉም አንቺን ወያላ አድርገን እንሞላዋለን» ይሉኛል። ለፓርቲዎች ከሚታደለው የአየር ሰዓት ለእነሱ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ላይ ሦስት ደቂቃ ደረሳቸው። ጋሼ የወንድሜን ታሪክ ያውቃሉ። ከጽሑፉ መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ አውሮፕላን ላይ ጉድለት አይቶ አልፈርምም ያለ ባለሙያ ስሙ ለአሠሪው ተላልፎ እንዳይሰጥ ሕግ እናወጣለን፣ ይላል። ወንድሜ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከተባረረ ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ተራው ውስጥ ሞንታርቦ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ድምፅ የኔ ነው፤ የራሴን ሱቅ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቼንም ማስታወቂያ እኔ ነኝ የማነበው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የአምስት ደቂቃ ወሬ እጨምቃለሁ፣ አንዲት ቃል አትጠፋም። ጋሼ ሲያነቡት ደግሞ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል ቆም እያሉ «ገባችሁ?» ይላሉ።

የተቀረጽኩት መሳለሚያ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሌ የምቀረጽበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ያው ማይክ፣ ያው ወንበር፣ ያው ጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀ ቀራጭ። ጋሼ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ወንድሜ እጁን አጣምሮ ያቺን ዓረፍተ ነገር እየጠበቀ፣ እኔ አነበብኩ። ስጨርስ ሦስት ደቂቃ አልሞላም ነበር። መልሰን ሰማነው። ሁላችንም ወደድነው። የተቀዳበትን ፍላሽ ጋሼ ኪሳቸው ከተው በማግስቱ ለጣቢያው ወስደው አስረከቡ።

ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊተላለፍ፣ ሐሙስ ጠዋት ጋሼ የጣቢያውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ለፓርቲ በተመደበ የአየር ሰዓት የንግድ ማስታወቂያ ማስተላለፍ ክልክል ስለሆነ ቅጂው ተቀባይነት አላገኘም፣ ይላል። የምን የንግድ ማስታወቂያ ነው ብዬ ስልኬ ላይ የቀረውን ቅጂ ከፈትኩ። መጨረሻው ላይ፣ የፓርቲውን ስም ከጠራሁ በኋላ፣ ትንፋሽ እንኳን ሳልወስድ፣ «ግቡ፣ ሳያልቅ ድረሱ» ብያለሁ።

ልክ እንደ ሱቄ። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንን ሳልል ተነስቼ አላውቅም። ቀራጩም አልሰማው፣ ጋሼም አልሰሙት፣ ወንድሜም አልሰማው፤ ለኛ ጆሮ እንደ አሜን ነው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ታክሲ ተሳፍሬ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ሠራተኛ ትሁት ነው፤ ያናደደኝም ትህትናው ነው። «ሦስት ቃል ናት፣ እዚሁ ቁረጣት» አልኩት። «እኛ የፓርቲ ቅጂ ላይ እጃችንን ማስገባት አይፈቀድልንም፣ ጣልቃ መግባት ይሆናል» አለኝ። «እሺ፣ እኔ አሁኑኑ ቆርጬ ላምጣ።» «ማስተካከያ የምንቀበለው እስከ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።» «ደብዳቤው እኮ የደረሰን ዛሬ ጠዋት ነው።» «የተጻፈው ትናንት ነው» አለና ቀኑን በጣቱ አሳየኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እዚያ ቢሮ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ጥበቃው ግን ክንዴን ይዞ እስከ በር ሸኝቶኛል።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ሬዲዮ ጣቢያውና በረራ ተቆጣጣሪው አይገናኙም ይሉኛል፤ እሱን መች አጣሁት። ግን የኔን ሦስት ቃል በአንድ ቀን ለቅሞ የሚያወጣ ጆሮ ያለበት አገር ውስጥ፣ ሰው ተሳፍሮባት የምትነሳ አውሮፕላንን ስንጥቅ ስምንት ወር ሙሉ የሚያይ ዓይን እንዴት ይጠፋል? ለኔ ሦስት ቃል በተጻፈው ደብዳቤ የሕጉ አንቀጽ ሳይቀር በቁጥር ተጠቅሷል። ለወንድሜ ደብዳቤ «ደርሶናል» የምትል መስመር እንኳን አልተጻፈችለትም።

ይህን ሁሉ እየተንጨረጨርኩ ስነግረው ወንድሜ ክር እያስገባ ነበር። «ልጁ ትክክል ነው» አለኝ። «ደንቡም ትክክል ነው። በየፓርቲው ንግግር መሀል የሳሙና ማስታወቂያ ቢገባ ደስ ይልሻል?»

የታጠፈውን ጋቢ አንስቼ ወረወርኩበት። «አንተንማ ደንብ በላህ» አልኩት።

«የበላኝ ደንብ አይደለም። እኔ አልፈርምም ያልኩት በደንቡ መሠረት ነው፤ የበላኝ ደንቡን የሻረው ነው።» ጋቢውን ከጭኑ ላይ አንስቶ መልሶ አጠፈው። አላየኝም። ዛሬም ድረስ «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እነሱን ስሳደብ የምከርመው ግማሹን የራሴን ጥፋት ላለማየት ነው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስታችንም ሬዲዮውን ከፍተን ተቀመጥን። ለምን እንደከፈትነው አላውቅም። በእኛ ሦስት ደቂቃ መሲንቆ ተለቀቀበት። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙና «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም እኮ ሰምቼው ነበር፤ ጆሮዬ ስለለመደው አለፍኩት» ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ ሱቁን ስከፍት ስልኬ ላይ የቀረውን ቅጂ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሞንታርቦው ላይ ሰካሁት። ቆርጬ አይደለም፣ እንዳለ። የመጣው ይምጣ ብያለሁ። ዓርብ ገበያ ነው፣ ሰው ይተራመሳል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ» ይላል። የወንድሜ ዓረፍተ ነገር ከፍ ብሎ ተራው ላይ ተነበበ፤ ዞር ብሎ ያየ ሰው ግን አልነበረም። ወንድሜ እግሩን ከመርገጫው ላይ አንስቶ እስኪያልቅ ጠበቀ።

መጨረሻው ላይ «ግቡ፣ ሳያልቅ ድረሱ» ሲል ነው አንዲት አሮጊት የቆሙት። ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው፣ ዘምቢላቸውን ደጃፌ ላይ አሳርፈው አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

«ልጆቼ፣ ሳያልቅ ድረሱ ያላችሁት ምኑን ነው?»

እኔ ሞንታርቦውን ዘጋሁት። ወንድሜ ቀና አለ።

«አልቋል፣ እማማ» አላቸው።

«ምነው ትንሽ ቀደም ብዬ በመጣሁ» አሉና ዘምቢላቸውን አንስተው ሄዱ።